ሌመን ድሮፕ፦ ሎሚ ሎሚ የሚሸተው ቢጫ ቃርያ፣ ከዘር እስከ ዳጣ

ፌብሩዋሪ መጨረሻ

ዘንድሮ ከአጥሩ ሥር ያለውን ቦታ በሙሉ ለአንድ ዓይነት ቃርያ ሰጥቻለሁ። ሌመን ድሮፕ ይባላል። አገሩ ፔሩ ነው፤ እዚያ አሂ ሊሞን ይሉታል። ሲበስል ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ሲቆረጥ የሎሚ ልጣጭ ሽታ ይወጣዋል። ማቃጠሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የምፈልገው ያንን ሽታ ነው። ለማቃጠልማ ሚጥሚጣ አለልን።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጓሮዬ ጠባብ ነው። ጥሩ ፀሐይ የሚያገኘው አንዱ የአጥር ጥግ ብቻ ነው። ስለዚህ የምተክለውን እመርጣለሁ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው እዚህ አገር ቃርያ መትከል ለምትፈልጉና ከተለመደው ሃላፔኞ ወጣ ማለት ለምትሹ ነው። ተክሉ የራሱ ጠባይ አለው፤ እያየሁ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ዘመዶቹን እንወቃቸው። በዓለም ላይ ሰው ያላመዳቸው የበርበሬ ዝርያዎች አምስት ናቸው። ማረቆ ፋና፣ የምናውቀው ቃርያ፣ ሃላፔኞና ጣፋጩ የፈረንጅ ቃርያ ሁሉም ካፕሲከም አኑም ከሚባለው ዝርያ ናቸው። ሃባኔሮ ካፕሲከም ቺኔንሴ ነው። ሌመን ድሮፕ ደግሞ ካፕሲከም ባካቱም ነው። ፔሩዎች በየቀኑ የሚበሉት ብርቱካናማው አሂ አማሪዮም ባካቱም ነው። ይህን ማወቅ በሥራው ይጠቅማል። ባካቱም ከእኛ ቃርያ ይልቅ ይረዝማል፣ ቅርንጫፉ ይበዛል፣ ለማፍራት ደግሞ ይዘገያል። የሃላፔኞን የቀን አቆጣጠር ይዞ የሚጠብቀው ሰው ተስፋ ይቆርጣል።

ዘር ስትገዙ አንድ ነገር አስተውሉ። ፔሩ ውስጥ አሂ ሊሞ የሚባል ሌላ ቃርያ አለ። እሱ ከሃባኔሮ ወገን ነው፣ ይበልጥ ያቃጥላል። የስማቸው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። ፓኬቱ ላይ ባካቱም የሚል ካያችሁ የኔውን ነው የያዛችሁት።

ዛሬ ዘሩን አፈር አስያዝኩ። ቀለል ያለ የችግኝ አፈር፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ላዩ ላይ ላስቲክ። ከሥሩ የሚያሞቅ ምንጣፍ አደረግኩ። የበርበሬ ዘር ለመብቀል ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ሙቀት ነው። አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ብቅ ይላል። ቀዝቃዛ መስኮት ላይ የተቀመጠ ዘር ግን ወር ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንዴም አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ብርሃን ገና አያስፈልገውም።

ባካቱም ዘግይቶ ስለሚያፈራ በዚህ አካባቢ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ አታሳልፉት። ኤፕሪል ላይ የተዘራ፣ ፍሬው ሳይበስል ውርጭ ሊደርስበት ይችላል።

ማርች አጋማሽ

ወጥተዋል! መጀመሪያ እንደ ቀለበት የታጠፈች አረንጓዴ አንገት፣ ቀጥሎ ሁለቱ የዘር ቅጠሎች። አንዷ ላይ የዘሩ ቅርፊት እንደተጣበቀ ነበር። ውሃ ጠብ አድርጌባት ትንሽ ቆይታ በራሷ ጣለችው። በጣት መሳብ ቅጠሉን ይቆርጠዋል።

ወዲያው ላስቲኩን አንስቼ መብራት ሥር አስገባኋቸው። በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይበራል። መብራቱ ቅርብ መሆን አለበት። የመስኮት ብርሃን ብቻ ያገኘ ችግኝ ቀጥኖ ይመዘዛል፤ በኋላ ነፋስ አይችልም። ትንሽ ማራገቢያም አቆምኩላቸው። ነፋሱ ሲያወዛውዛቸው ግንዳቸው ይጠነክራል።

ውሃ የማጠጣው ከሥር ነው። ሳህኑ ላይ አፈስሳለሁ፣ አፈሩ የሚበቃውን ይስባል፣ የቀረውን እደፋለሁ። ላዩ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ አፈር ለሻጋታ ይመቻል። ችግኝ አንገቱ ላይ ቀጥኖ ድፍት የሚለው በዚያ ነው።

ኤፕሪል መጀመሪያ

እውነተኛ ቅጠሎች መጡ። እያንዳንዱን ወደ ራሱ ኩባያ አዛወርኩ። ከጎናቸው ጤና አዳም በባልዲ አለ፤ ከርሞ የተረፈ ነው። አብረው ዳጣ ውስጥ ስለሚገቡ አብረው ቢያድጉ ደስ ይለኛል።

ኤፕሪል መጨረሻ

ውጭው ሞቋል። ቤት ማሻሻያ ሱቆች የቃርያ ችግኝ ደርድረዋል፤ ሰው ሁሉ እየገዛ ነው። እኔ አልቸኩልም። በዚህ አካባቢ የመጨረሻው ውርጭ ብዙ ጊዜ በኤፕሪል አጋማሽና መጨረሻ ገደማ ነው። ለበርበሬ ግን ውርጭ አለመኖሩ ብቻ አይበቃውም። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ከወረደ ተክሉ ይቆማል። አይሞትም፣ ግን አያድግም። ቅጠሉ ይገረጣል። ቀድሞ ተተክሎ የበረደው ችግኝ፣ ዘግይቶ ሞቅ ባለ አፈር የተተከለው ይቀድመዋል።

ስለዚህ አሁን የማደርገው ማለማመድ ነው። መጀመሪያ ጥላ ሥር ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ ለጠዋት ፀሐይ፣ ከዚያ እያረዘምኩ። ከመብራት ሥር የወጣ ቅጠል እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ በአንድ ጊዜ ቢቀመጥ ይነጣል፣ ይደርቃል። ሥራው አንድ ሳምንት ከዚያም በላይ ይወስዳል። ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው፤ ማታ ማታ ሁሉንም ተሸክሞ ማስገባት አለ። ግን ይገባዋል።

ሜይ አጋማሽ

ተተከሉ። ግማሾቹ አጥሩ ሥር መሬት ውስጥ፣ ግማሾቹ 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ። ባልዲዎቹን ከሥር በደንብ በስቻቸዋለሁ። የበርበሬ ሥር ውሃ ውስጥ መቆም አይወድም። መሬት ላይ ያሉትን በ60 ሴንቲ ሜትር አራርቄያለሁ። ሰፋ ያለ ይመስል ይሆናል፤ ኦገስት ላይ ግን በመካከላቸው ማለፍ እንደማይቻል አውቃለሁ።

ጉድጓዱ ውስጥ ብስባሽ ኮምፖስት ጨመርኩ። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ አልነካም። ናይትሮጅን ቅጠል ያበዛል፣ አበባ ያዘገያል። ሌመን ድሮፕ እንዲሁ በራሱ ዘግይቶ የሚያብብ ስለሆነ ተጨማሪ ማዘግያ አይፈልግም።

ደጋፊ እንጨቱን ዛሬውኑ ተከልኩ። ተክሉ ገና ስንዝር ነው፣ እንጨቱ ከደረቴ ይደርሳል። ምክንያት አለኝ። ባካቱም ከአንድ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ቀጭን ነው። ፍሬ ሲሸከም ወደ ጎን ይዘረጋል። ያን ጊዜ እንጨት ልትከል ብትሉ ሥሩን ትቆርጣላችሁ።

ጁን

ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም አልታየም። ሥር እየሰደደ ነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ተመነደገ። ግንዱ ወደ ላይ ወጥቶ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ እንደገና ለሁለት፣ እያለ ይቀጥላል። አበባው የሚወጣው በየመክፈያው ላይ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ በበዛ ቁጥር ፍሬውም ይበዛል። ጫፉን የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፤ ለዚህ ዝርያ አልመክርም። በራሱ እንደ ልቡ ይበታተናል፤ ጫፉን መቁረጥ ጊዜውን ብቻ ይወስድበታል።

ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ መጥቷል። አዲሱ ቅጠል ሥር ተሰብስቦ ጭማቂውን ይመጣል፣ ቅጠሉም ይጨማደዳል። በቧንቧ ውሃ ጠንከር አድርጌ ከሥር ወደ ላይ አጠብኩት። የቀረውን ቀጠን ባለ የሳሙና ውሃ ማታ ላይ ረጨሁ። ፀሐይ ላይ አይረጭም፣ ቅጠል ያቃጥላል። ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጢንዚዛ ካያችሁ አትንኳት፤ ክሽክሽ ቀለቧ ነው።

ጁን መጨረሻ

የመጀመሪያው አበባ ተከፈተ። ቁጭ ብዬ አየሁት። የባካቱም መታወቂያ እዚህ ነው። የእኛ ቃርያ አበባ ንጹሕ ነጭ ነው። የዚህ ግን በእያንዳንዱ የአበባ ቅጠል ሥር ቢጫ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለበት፣ በብሩሽ የተቀባ ይመስላል። ዘር ሻጩ ቢሳሳት እንኳ አበባው አይዋሽም። የገዛችሁት ሌመን ድሮፕ ነጠብጣብ የሌለው ነጭ አበባ ካወጣ፣ ሌላ ነገር ነው የያዛችሁት።

ጁላይ

ሙቀቱ ለጉድ ነው። ቀኑ ከ35 ዲግሪ አለፈ፣ ሌሊቱም አልበርድ አለ። አበባ መርገፍ ጀመረ። ጠዋት ባልዲዎቹ ዙሪያ ደርቆ የረገፈ አበባ አገኛለሁ።

ይህን ስታዩ አትደንግጡ። በሽታ አይደለም። ሙቀቱ ሲበዛ የአበባው ብናኝ ይበላሻል። ያልተዳቀለ አበባ ደግሞ ተክሉ አይዘውም፣ ይጥለዋል። ማዳበሪያ መጨመር አይረዳም። የሚረዳው ውሃና ጥላ ነው። ባልዲዎቹን ከቀትር በኋላ ጥላ ወደሚያገኝ ቦታ ሳብኩ። መሬት ላይ ባሉት ሥር ደረቅ ሣር ወፈር አድርጌ አለበስኩ። አፈሩ ቀዘቀዘ፣ እርጥበቱም ቆየ። ውሃ ጠዋት ጠዋት፣ በየቀኑ ተመሳሳይ መጠን።

የውሃው አለመዋዠቅ ለሌላም ይጠቅማል። አንድ ቀን ድርቅ፣ በማግስቱ ጎርፍ ከሆነ ተክሉ ካልሲየም ወደ ፍሬው ማድረስ ያቅተዋል። የፍሬው ጫፍ ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል። ብዙ ሰው አፈሩ ካልሲየም ያነሰው ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው የማይዋዥቅ ውሃ ነው።

ንቦች በብዛት እየመጡ ነው። ጤና አዳሙም አብቦ ስለነበር አካባቢው ሞቅ ብሏል።

ኦገስት መጀመሪያ

ሙቀቱ በረድ ሲል አበባው ሁሉ ያዘ። ፍሬው ወደ ታች ይንጠለጠላል። ቀጭን፣ ሸብሸብ ያለ፣ ጫፉ የሾለ ነው። ርዝመቱ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ ተክል ላይ ልቁጠር ብዬ ጀምሬ ተውኩት። ከመቶ በላይ ፍሬ ማፍራት ለዚህ ዓይነት ብርቅ አይደለም።

አረንጓዴውን ቀመስኩ። ሣር ሣር ይላል፣ ያቃጥላል፣ የሎሚው ነገር ገና የለም። ይህ ለምግባችን ትልቅ ልዩነት ነው። እኛ ቃርያን አረንጓዴውን ነው የለመድነው። ለስንግ የምንፈልገው ያንን አረንጓዴ ጣዕም ነው። ሌመን ድሮፕን ግን አረንጓዴውን መልቀም ማባከን ነው። ሽታው የሚመጣው ከቢጫው ጋር ነው። ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ጥላ ሳይቀር።

ከዚህ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ፍሬው ሙሉ መጠኑን ከያዘ በኋላም ሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል።

ኦገስት መጨረሻ

ቢጫ!

አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ናቸው። የመጀመሪያውን ፍሬ አብረን ቆረጥነው። እሳቸው አሸተቱትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ሎሚ ጨምቀሽበታል እንዴ?»

«ኧረ የለም እማማ፣ የራሱ ሽታ ነው።»

«ወይ ጉድ! ቃርያ እንዲህ ይሸታል?» አሉና አንዲት ቀጭን ቁራጭ በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አይቡን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «ዘግይቶ ነው እንዴ የሚነሣው? መጀመሪያ ጣፍጦ አታለለኝ» አሉ።

ልክ ናቸው። መጀመሪያ ጎምዘዝ ያለ የፍራፍሬ ጣዕም ይመጣል፣ ከዚያ ምላስ ላይ ጥርት ያለ ቃጠሎ። ቃጠሎው ብዙ አይቆይም። አይቡን መምረጣቸውም ትክክል ነው። የሚያቃጥለው ነገር፣ ካፕሳይሲን የሚባለው፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ የወተት ስብና ፕሮቲን ግን ይይዘዋል።

በቁጥር ልንገራችሁ። ዊልበር ስኮቪል የሚባል አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ በ1912 የበርበሬን ማቃጠል የሚለካበት ዘዴ አወጣ። እስከ ዛሬ መለኪያው በስሙ ይጠራል። በዚህ መለኪያ ሃላፔኞ ከ2,500 እስከ 8,000 ነው። ሌመን ድሮፕ ከ15,000 እስከ 30,000 ይባላል። ሃባኔሮ ከ100,000 ተነሥቶ 350,000 ይደርሳል። ስለዚህ የኔው መካከለኛ ነው። ከሃላፔኞ በግልጽ ይበልጣል፣ ግን ጣዕሙን ለማጣጣም ፋታ ይሰጣል። ሃባኔሮም ደስ የሚል የፍራፍሬ ሽታ አለው፤ ብዙ ሰው ግን ያን ሽታ ሳይደርስበት እንባው ይቀድመዋል። ሌመን ድሮፕን የምወደው ለዚህ ነው።

ውስጡ ሲታይ ግድግዳው ስስ ነው። ዘሩ ከሌሎች ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ካፕሳይሲኑ በብዛት ያለው ዘሩ ላይ አይደለም፤ ዘሩ የተያያዘበት ነጩ ክፍል ላይ ነው። ለልጆች ወይም ማቃጠል ለማይችል ሰው ነጩን በቢላ ማውጣት ነው። ሽታው ቅርፊቱ ላይ ይቀራል።

ሴፕቴምበር

አሁን በየጥቂት ቀኑ መልቀም ነው። ተክሉ የበሰለ ፍሬ ሲነሣለት አዲስ አበባ ያወጣል። በመቀስ እቆርጣለሁ፣ ምክንያቱም ቅርንጫፉ ተሰባሪ ነው፣ ሲሳብ ከነ አንጓው ይገነጠላል።

ለዕንቁጣጣሽ ቢጫ ዳጣ ሠራሁ። እነሆ አሠራሩ። የበሰለ ሌመን ድሮፕ እፍኝ ሙሉ፣ ነጩ ከግማሾቹ ወጥቶ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ትንሽ የጤና አዳም ቅጠል፣ ጥቂት በሶብላ፣ ጨው። ሁሉንም ሙቀጫ ላይ ወቀጥኩት። መፍጫ ማሽንም ይሆናል፣ ግን አታልሙት። ትንሽ ዘይት ከላይ። ኮረሪማ አልጨመርኩም። ኮረሪማ የራሱ ጠንካራ ሽታ አለው፣ ሎሚውን ይጋፋዋል። ጤና አዳሙንም ቀነስ አድርጉ። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ ቶሎ ቶሎ ብሉት፤ ሽታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የሚያምረው።

ወጥ ውስጥም ሞከርኩት። ምስር ወጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲንተከተክበት ቃጠሎው ብቻ ቀረ፣ ሎሚው ጠፋ። እንዲያውም ማንኛውም ቃርያ ቢሆን ያንን ያደርግ ነበር። እሳቱ ከጠፋ በኋላ በቀጭኑ ከትፎ ከላይ መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው። አልጫ ላይ በጣም ያምራል። የአልጫን ጣዕም ሳይለውጥ ከላይ ይቀመጣል። ለዓርብ ጾም ዓሣ ለሚበሉ ደግሞ የተጠበሰ ዓሣ ላይ ይህንን ዳጣ የመሰለ አላገኘሁም። ፔሩዎችም ሴቪቼ በሚሉት ምግባቸው ትኩስ ቃርያን ከሎሚና ከጥሬ ዓሣ ጋር ያዋህዱታል፤ ለምን እንደሆነ አሁን በደንብ ገባኝ።

የተረፈውን ለመፍጨት አደረቅኩ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ማድረቅ ቀላል ነው። ለሁለት ሰንጥቄ በማድረቂያ ማሽን በ55 ዲግሪ ገደማ። ሙቀቱ ከፍ ካለ ቢጫው ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ሽታውም ይተናል። ተጣጥፎ ሲሰበር «ቀጭ» ካለ ደርቋል። ስፈጭ ጓንት አድርጌ፣ መስኮት ከፍቼ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ ነው። ዱቄቱ ወርቃማ ቢጫ ወጣ። የትኩሱ ሽታ ሁሉ አልቆየም፣ ግን ሎሚው አለ። ቆሎ ላይ ነስንሼ ሰጠኋቸው፣ አማቴ ወደ አገር ይዤ ካልሄድኩ አሉ።

ኦክቶበር

ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ነው። አዲስ አበባ አሁንም ያወጣል፣ ግን እነዚህ አይደርሱም። አበባውንና ትንንሹን ፍሬ ለቅሜ ጣልኩ፤ ተክሉ ያለውን ጉልበት ወደ ቢጫ እየሄዱ ላሉት ያውል።

ዘር የማስቀምጠው ከአንድ ተክል ነው። በጋ ላይ አበባው ሳይከፈት አንድ ቅርንጫፍ በስስ የጨርቅ ከረጢት ሸፍኜ ነበር፤ ንብ እንዳይገባ። የበርበሬ አበባ በራሱ ብናኝ ይዳቀላል። ፍሬ ሲይዝ ከረጢቱን አንሥቼ ክር አሰርኩበት። ባካቱም ከእኛ ቃርያ ዝርያ ጋር በቀላሉ አይዳቀልም። ሆኖም ጎረቤት ሌላ ባካቱም ቢተክል አላውቅም፤ ከረጢቱ ይሻላል። ክር ያለበትን ፍሬ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ ለስለስ እስኪል ቆየሁት፣ ዘሩን አውጥቼ ወረቀት ላይ ጥላ ውስጥ አደረቅኩ።

ኦክቶበር መጨረሻ

የአየር ትንበያው ውርጭ አለ። ቢጫውንም ቢጫ ሊሆን የጀመረውንም ሁሉ ለቀምኩ። መለወጥ የጀመረ ፍሬ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከበሰለ ፍሬ ጋር ቢቀመጥ ቀለሙን ይጨርሳል። ሙሉ አረንጓዴው አይለወጥም፤ እሱን ለሥንግ አደረግኩት፤ ዘር ዘሩን አውጥቼ።

ከባልዲ ተክሎች በጣም ያፈራውን ቤት አስገባለሁ። በርበሬ በባሕርዩ የሚቆይ ተክል ነው፤ እዚህ የሚገድለው ብርዱ ነው። ግንዱን ከመክፈያው ትንሽ ከፍ አድርጌ ቆረጥኩት፣ ቅጠሉን አራገፍኩ። ከአፈሩ ላዩን አንሥቼ በአዲስ ለወጥኩ፤ የክሽክሽ እንቁላል እንዳይገባ ግንዱንም በሳሙና ውሃ አጠብኩ። ምድር ቤት መስኮት ሥር፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለ ቦታ ይቀመጣል። ውሃ በወር አንዴ ሁለቴ፣ አፈሩ ጨርሶ ሲደርቅ ብቻ። ማርች ላይ ወደ ብርሃንና ወደ ሙቀት ይወጣል። የዳበረ ሥር ስላለው ከዘር ከሚነሣው በብዙ ሳምንት ቀድሞ ያብባል። ለዚህ ዘግይቶ ለሚያፈራ ዝርያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጁላይ ላይ ቢጫ ፍሬ ማየት እፈልጋለሁ።